የወለተ ሐና አረቄ

ሰቆጣ፣ ግንቦት 14 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለጸሐይነሽ
ደብረ ብርሃን

እንደምን ከርመሻል? ብርዱስ እንዴት አድርጎሻል? ባለፈው ወር ኮረም ወርጄ ሳለሁ ከእናንተ ትምህርት ቤት ለእረፍት የመጣ አንድ አስተማሪ አገኘሁ። ስምሽን ስጠራለት ወዲያው አወቀሽ። «ደህና ናት፤ ሦስተኛ ክፍል ታስተምራለች፤ ትንሽ ከስታለች» አለኝ። ያቺ «ትንሽ» ያላት ነገር እስከ ሰቆጣ ድረስ በጭነት መኪናው ላይ ከጎኔ ተቀምጣ መጣች። ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ልጠይቀው ስል እሱ ወርዶ ሄዷል።

እኔ ጤና ነኝ። እዚህ በልጉ ቀረ። ከአበርገሌ ሙጫ ይዘው የሚወጡት ሰዎች ከብቱ ከወዲሁ እየከሳ ነው ይላሉ። ቤቱ እንደተውሽው ነው። መጋረጃሽን አጥቤ መልሼ ሰቅየዋለሁ፤ አሰቃቀሉን ግን አላውቅበትም፣ በአንድ ወገን ያጥራል። የልጃችንን የአስቻለችን መቃብር አጥር ከፋሲካ በፊት አሳድሻለሁ። ፍየል እንዳይገባ እሾሁን በርከት አድርጌበታለሁ።

ከሄድሽ ሁለት ዓመት ሊሞላሽ ነው። እስከ ዛሬ የጻፍኩልሽ ደብዳቤ ሁሉ ስለ አየሩና ስለ መንገዱ ነበር፤ አንቺም በሁለት መስመር ትመልሽልኛለሽ። አልቀየምም። የዛሬው ግን ይረዝምብሻል። ታገሽኝና እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ እዚህ የደረሰ ነገር አለ፣ ከኔ አፍ እንድትሰሚው ፈለግሁ።

ያን የዕጣን ሙጫ የምመረምርበትን ክሮማቶግራፍ መቼም አልረሳሽውም። «ሦስት ምድጃ ያለው ሬዲዮ» እያልሽ ትስቂበት ነበር። አባባልሽ እውነት ነው፤ የሚሞቁ ቦታዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ፈሳሹን በስሪንጋ የምወጋበት መግቢያው ነው፤ እዚያ ያለው ሙቀት ፈሳሹን በቅጽበት እንፋሎት ያደርገዋል። ሁለተኛው ዋናው ምድጃ ነው። በውስጡ የተጠቀለለ ረጅም ቀጭን ቱቦ አለ፤ እንፋሎቱ በጋዝ እየተገፋ በዚያ ሲያልፍ ቀላሉ ይቀድማል፣ ከባዱ ይዘገያል። ሦስተኛው ጫፉ ላይ ያለው ነው፣ እኔ ዓይኑ እለዋለሁ። ያለፈውን ነገር ባየ ቁጥር ብዕሩን ያነሣዋል፣ ብዕሩም በሚሄደው ወረቀት ላይ ጉብታ ይሥላል። በየትኛው ደቂቃ ጉብታ እንደወጣ አይቼ ያለፈው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሦስቱም ቦታዎች የየራሳቸው ሙቀት መቁጠሪያ አላቸው። አንዱ ከተዛባ ሌላው ደህና መሆኑ ምንም አይረባም።

ሚያዝያ 15 ቀን ጋዝጊብላ ውስጥ ሠርግ ነበር። በማግስቱ ሰው እያስመለሰው ይወድቅ ጀመር። «ዓይኔን ጉም ሸፈነብኝ» የሚሉም ነበሩ። በሦስት ቀን ውስጥ ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ አራት ሰዎች በቃሬዛ ወደ ሰቆጣ መጡ፣ ሁለቱ እስካሁን አያዩም። የሠርጉ አረቄ የተገዛው ከእትዬ ወለተ ሐና ነበር። ከገበያው በላይ ያሉት፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ አንቺ አራስ ሳለሽ አጥሚት ይዘውልሽ የመጡት።

ወሬው ከሬሳው ቀድሞ ከተማው ገባ። ሰዎች ሄደው የአረቄ ማውጫ እንስራቸውን ሰበሩ፣ በራቸውን በድንጋይ ደበደቡ። ፖሊስ ባይደርስ ኖሮ ምን ይሆኑ እንደነበር አላውቅም። ፖሊስ ጣቢያ ወስዶ አሰራቸው።

በሦስተኛው ቀን መቶ አለቃው ከቤታቸው የተወሰደ ሁለት ጠርሙስ አረቄ ይዞ ወደ እኔ መጣ።

«የክሊኒኩ ድሬሰር ሜታኖል የሚባል መርዝ ሳይሆን አይቀርም ይላል» አለኝ። «ያንተ ማሽን ይህን ከመጠጥ አልኮል ለይቶ ያያል?»

«ያያል።»

«ነገ ጠዋት ችሎት አለ። ዳኛው መልስ ይጠብቃሉ።»

«ዛሬ ከሰዓት ይደርስልሃል» አልኩት። ድምፄን ታውቂዋለሽ። ስለ ማሽኑ ስጠየቅ ደረቴ እንዴት እንደሚነፋም ታውቂዋለሽ።

ጄኔሬተሩን አስነሣሁ። ምድጃው ቶሎ ሞቀ፣ ዓይኑም ደህና ቆመ። መግቢያው ግን አስቸገረኝ። መቶ አምሳ ዲግሪ ላይ አድርጌው የመቁጠሪያው ቀስት ዘጠና ላይ ቆሞ አልነቃነቅ አለ። ማሞቂያው ኤሌክትሪክ እየወሰደ መሆኑን የምታሳየው ቀይ መብራት ሳትጠፋ ቀረች። ማሽኑ ከዚያ ቀን ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ለጥገና ኮረም ደርሶ በዚያ መንገድ ሲንገጫገጭ የተመለሰ ነው። ያን ጊዜ ልጠረጥር ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ማሞቂያው ደክሟል፣ ጄኔሬተሩም ኃይል አንሶታል ብዬ መቆጣጠሪያውን ወደ ላይ አዞርኩት። ቀስቱ ትንሽ ከፍ አለ። የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። መስኮቱን ከፈትኩና ሥራዬን ቀጠልኩ።

መጀመሪያ ከራሴ መደርደሪያ ንጹሕ ሜታኖል ወጋሁ፤ ጉብታው በሁለተኛው ደቂቃ ላይ ወጣ። ቀጥሎ የእትዬ ወለተ ሐናን አረቄ ወጋሁ። በሁለተኛው ደቂቃ ላይ ትንሽ፣ ግን ግልጽ ጉብታ አየሁ። ሁለተኛውን ጠርሙስ ደገምኩ፤ ያው ነው። ከሁሉ በፊት ባዶ ውኃ ወግቶ ማሽኑ ራሱ ምን እንደሚሥል ማየት ያስፈልጋል። አዲስ ለሚመጣ ሰው መጀመሪያ የማስተምረው ይህንን ነው። የዚያን ቀን ግን ተውኩት። ጊዜ የለም አልኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጊዜ ነበረኝ። አላስፈለገኝም፤ ውጤቱ ሁሉም ከሚለው ጋር ገጥሞልኝ ነበር።

በማግስቱ ችሎቱ እስከ ደጅ ሞልቷል። ወረቀቱን ዘርግቼ ጉብታውን አሳየሁ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው፣

«እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ።

«እርግጠኛ ነኝ።»

ከኋላዬ ሰው እንደ ንብ ተነሣ። እትዬ ወለተ ሐና አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። ግራ እንደገባው ሰው እጃቸውን አገላብጠው አዩት፣ ከዚያ ወታደሩ ይዟቸው ወጣ።

ቤት ገብቼ ምሳ ቀረበልኝ፤ አልበላልኝ አለ። ያ የላስቲክ ሽታ ከአፍንጫዬ አልወጣም። ተመልሼ ሄድኩና ማሽኑን አስነሥቼ፣ ያን ያልወጋሁትን ባዶ ውኃ ወጋሁ።

በሁለተኛው ደቂቃ ላይ ያው ጉብታ ወጣ።

ጸሐይዬ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ወረቀቱ እየወረደ መሬት ሲደርስ አየሁት። ደገምኩት። ምንም ሳልወጋ እንኳ ስሪንጋውን አስገብቼ ሳወጣ ጉብታው ይወጣል። አጥፍቼው እስኪበርድ ጠበቅሁና መግቢያውን ከፈትኩ። ስሪንጋው የሚያልፍበት ላስቲክ ከስሎ፣ ፍርፋሪው ውስጥ ወድቋል። በዘጠና ዲግሪ ላስቲክ አይከስልም። የመስታወት ቴርሞሜትር አምጥቼ መግቢያው ጎን ባለው ቀዳዳ ከትቼ እንደገና አስነሣሁት። መቁጠሪያው ዘጠና ሲል ቴርሞሜትሩ ሁለት መቶ ሰማንያ አለፈ። ወዲያው አጠፋሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙቀቱን የምትለካው ቀጭን ሽቦ ጫፏ ብረቱ ውስጥ ባለች ጉድጓድ መቀመጥ አለባት። በመንገዱ ንቅናቄ መያዣዋ ተሰብሮ ወጥታ፣ አየር ላይ ተንጠልጥላለች። የምትለካው አየሩን ነበር። «ገና ቀዝቃዛ ነው» እያለች ትናገራለች፣ ማሞቂያው ደግሞ እሷን አምኖ ያለማቋረጥ ይግላል። እኔም በላዩ ላይ ጨመርኩበት። ያየሁት ጉብታ የላስቲኩ ጭስ ነበር።

ሲነጋ ቀጥ ብዬ ወደ መቶ አለቃው ሄድኩ።

«ትናንት የሰጠሁት ቃል ልክ አይደለም» አልኩት።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ማሽኑ ተበላሽቶ ነበር። እኔም አላጣራሁም። በሴትየዋ አረቄ ላይ ያየሁት መርዝ የራሴ ላስቲክ ነው።»

በሩን ዘጋ። «ስማ ማንደፍሮ» አለኝ፣ «ሕዝቡ ልጆቹን የቀበረው ገና ትናንት ነው። ይህን ብትናገር በድንጋይ የሚወግሩት አንተን ነው። ጠግነህ እንደገና መርምር፣ ያው ከሆነ ማንም ሳያውቅ ይቀራል።»

«ያው ካልሆነስ?»

ቆቡን አንሥቶ አብሮኝ ወደ ዳኛው ቤት ሄደ፤ ይህን ውለታውን አልረሳም።

ዳኛው አጥራቸው ሥር ቆመው ሰሙኝ። «ትናንት እርግጠኛ ነህ ወይ ብዬህ ነበር» አሉ።

«አዎ ጌታዬ፣ ነኝ ብዬዎታለሁ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ምንም አላውቅም። ሦስት ቀን ይስጡኝ።»

«ለሰኞ ችሎት ትቀርባለህ። ይህንንም በሰው ፊት ትናገራለህ።»

የሽቦዋን መያዣ ማን ይሥራልኝ? ከአዲስ አበባ ይላክልኝ ብል ወር አይበቃም። አንጥረኛው አያ ገብረ ሊባኖስ ዘንድ ሄድኩ። መስቀልና ጉትቻ የሚሠሩ ሰው ናቸው፤ የአስቻለችን የክርስትና መስቀል የሠሩልን እሳቸው ናቸው። ሽቦዋን በሁለት ጣት ይዘው ወደ ፀሐይ አዞሯት፣ ለሚስታቸው በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ፣ ሴትየዋም ሳቁ።

«ምን አሉ አያ?»

«ይህችን የመሰለች ቀጭን ነገር አንዲት ሴት አሳሰረች ወይ ነው ያልኩት» አሉ፣ እሳቸው ግን አልሳቁም። ከቀጭን መዳብ እንደ ስንዴ አገዳ የጠበበች እጅጌ ሠሩልኝ። ስትበዛ በሞረድ እየላጉ፣ ስታንስ እንደገና እየሠሩ አራት ጊዜ ተመላለስን። በአራተኛው ሽቦዋ ገብታ ጉድጓዷን አጥብቃ ያዘች፤ ስስባትም አልወጣ አለች።

አዲስ ላስቲክ አስገባሁ፣ ውስጡን ጠርጌ አጠብኩ። ቀስ ብዬ ወደ መቶ አምሳ አወጣሁት። ቀይዋ መብራት በራች፣ ጠፋች፣ እንደገና በራች፣ ጠፋች፤ እንደ ጤነኛ ትንፋሽ። የመስታወት ቴርሞሜትሩም መቶ አርባ ስምንት አለ። አንድ ሰዓት ሙሉ እያየሁት ተቀመጥኩ፣ እጄን ምንም ነገር ላይ አላሳረፍኩም። ከዚያ ባዶ ውኃ ወጋሁ። ብዕሩ ወረቀቱን ቀጥ ብሎ አሰመረው። ደገምኩ፣ ሠለስኩ። ከዚያ ንጹሑን ሜታኖል፤ በሁለተኛው ደቂቃ ወጣ። ከዚያ የእትዬ ወለተ ሐናን አረቄ ወጋሁ። የመጠጡ አልኮል ጉብታ በቦታው እንደ ተራራ ቆመ። በሁለተኛው ደቂቃ ላይ፣ ከማንኛውም የቤት አረቄ የማይጠፋ፣ ዓይን የማይሞላ ነገር ነው ያለው። ሁለቱም ጠርሙስ ንጹሕ ነው።

አለቀስኩ። ለማን እንደሆነ ግን ያን ጊዜ አላወቅሁትም።

ግን ሰው ሞቷል። መርዙ ከሆነ ቦታ መጥቷል። በማግስቱ ከመቶ አለቃው ጋር በእግራችን ጋዝጊብላ ሄድን። የሠርጉ ጋኖች ሁሉ ታጥበዋል። የሙሽራው አጎት አቶ ዘበነ ዓይናቸው ከጠፋው ሁለቱ አንዱ ናቸው፤ ከሰቆጣ ወደ ቤታቸው ተመልሰው፣ ደጃቸው ላይ ወደ ፀሐይ ዞረው ተቀምጠው አገኘናቸው። መቶ አለቃው ከአረቄው የተረፈ አለ ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

«ማነው አብሮህ ያለው?» አሉ።

«የማሽኑ ሰው ነኝ፤ ማንደፍሮ እባላለሁ።»

«ሴትየዋ ናት ያልከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ። አረቄያቸው ንጹሕ ነው።»

በእጃቸው ወደ ቤቱ አመለከቱ። «ጠርሙሱ አልጋዬ ሥር ነው» አሉ። «ሰው በዛብኝ። አረቄው አለቀ። ለፕሪምስ ምድጃ ማቀጣጠያ ከኮረም ያመጣሁት አልኮል ነበረኝ፣ ሽታው ያው ነው፤ ጨመርኩበት። መጀመሪያ የቀመስኩት እኔ ነኝ። የወንድሜን ልጅ ሠርግ በባዶ ጋን አላዋርድም ብዬ ነው።» ደግሞም፣ «ማሽኑ እሷን ካለማ እኔ አልገደልኩም ማለት ነው ብዬ፣ ይህን ሁለት ሦስት ቀን በዚህ ኖርኩ» አሉ።

ጠርሙሱን መርምሬዋለሁ። ጉብታው ብዕሩን ከወረቀቱ አስወጣው።

ሰኞ ችሎት ቆምኩ። የሆነውን ሁሉ፣ ስለ ላስቲኩም፣ ስለ ባዶው ውኃም ተናገርኩ። አንድ ሰው ከኋላ «አፈር ብላ!» አለኝ። ምን እላለሁ? አቶ ዘበነም በሰው ተደግፈው መጥተው ቃላቸውን ሰጡ። እሳቸውን እስካሁን ማንም የረገማቸው የለም፤ በሕይወት እያሉ ከሞቱት ጋር ነው የሚቆጠሩት። እትዬ ወለተ ሐና ተፈቱ።

ከችሎቱ ደጅ ጠብቄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ብድግ አደረጉኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጡኝ በወደድኩ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እስር ቤቱ አልከፋኝም። የከፋኝ ማሽኑ ካለ እውነት ነው ብዬ ማመኔ ነው። ጌሾዬን፣ ውኃዬን፣ እንስራዬን አንድ በአንድ ሳስብ ከረምኩ። በየትኛው እጄ ነው የገደልኳቸው እያልኩ። እኔ እኮ ገዳይ መሆኔን ራሴ አምኜ ነበር።»

ጸሐይነሽ፣ ከዚያች ቀን ወዲህ ይኸው እነዚህን ቃላት ይዤ እዞራለሁ።

አስቻለች ያረፈች ቀን ማታውን ሳይሆን በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ፣ ምን እንዳልኩሽ ታስታውሻለሽ። «ውኃውን ሳታፈይው ቀርተሽ ነው» አልኩሽ። አንቺ «አፍልቼዋለሁ መሰለኝ» አልሽ። «መሰለኝ አይበቃም» አልኩሽ። «እርግጠኛ ነህ?» ስትይኝ፣ በዚያው በችሎት ባወጣሁት ድምፅ «እርግጠኛ ነኝ» አልኩሽ። ከዚያ ወዲህ ማሰሮውን ስታነሽና ስታስቀምጭ፣ እጅሽን ስታዪው አይሽ ነበር፤ አንድም ቀን አላስቆምኩሽም። በአምስተኛው ወር ሻንጣሽን ይዘሽ ስትሄጅ ሐዘኑ ነው ብዬ ለሰው ተናገርኩ።

አላውቅም ነበር። ውኃውን አልመረመርኩም። ያን ሰሞን በሠፈሩ ስድስት ሕፃን ታሟል፣ እናቶቻቸው ያፈሉትም ያላፈሉትም። ልጃችንን ምን እንደወሰዳት እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ማንም አያውቅም። ምክንያት አጥቼ መቀመጥ አቃተኝና ቅርቤ የተገኘሽው አንቺ ሆንሽ። «ተሳስቻለሁ» ብሎ ለሰቆጣ ሕዝብ ሁሉ በአደባባይ ከመናገር ይልቅ ለአንቺ መናገር ሁለት ዓመት ከበደኝ።

እንግዲህ ይኸው ቃሌን አነሣለሁ። በአንቺ እጅ ምንም አልጠፋም። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ እሱ ያንቺ ነው፣ በጊዜሽ። እጅሽን ግን ከዛሬ ጀምሮ እንዲያ አድርገሽ አትዪው።

እትዬ ወለተ ሐና አዲስ እንስራ ገዝተዋል። «ያቺ ሚስትህ ደህና ናት?» ብለው ጠየቁኝ። ደህና ናት፣ ትንሽ ከስታለች አልኳቸው።

የምሠራበት የሙጫ ምርመራ ጣቢያ ከሐምሌ ጀምሮ ይዘጋል ተብሏል። መሥሪያ ቤቱ ቅጽ ልኮልኛል። ስሜን፣ የትውልድ ቦታዬን፣ የአገልግሎት ዘመኔን ሞልቻለሁ። «የሚፈልጉት የምድብ ቦታ» የሚለውን መስመር ባዶ ትቼዋለሁ። ቅጹ የሚሄደው ሰኔ 30 በሚነሣው መኪና ነው፤ እስከዚያ ድረስ ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

እመ ብርሃን በብርዱም በሙቀቱም ትጠብቅሽ። የምታስተምሪያቸውን ልጆች ታሳድግልሽ፣ ምግብም ብዪ።

ያንተ ነኝ ያላልሽው፣
ያንቺው ማንደፍሮ